የልጁ መኪና ዝቅ ስትል፦ ያረጀች ስፖርት መኪናን በትንሽ ገንዘብ ማውረድ ለወላጅ ምን ያስከትላል?

ሞጻኤ ሻባት ማታ በነቬ ሐይም በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ድምፅ ሳይሰማ አይቀርም። አንዲት መኪና መንገዱ ላይ ካለው ጉብታ ደርሳ ቀጥ ትላለች። ከዚያ መሪዋን ጠምዝዛ በአግድም፣ በአንድ ጎማ በአንድ ጎማ እያለች ቀስ ብላ ትወጣለች፤ መሀሉ ላይ ስትደርስ ግን ሆዷ አስፋልቱን ይፍቃል። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ 22 ወይም 23 ዓመት የሆነው፣ በቅርቡ ከሠራዊት የተፈታ ልጅ ነው። መኪናዋ ደግሞ በዕድሜ ትበልጠዋለች።

ወላጆች ይህን ሲያዩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መኪናውን እንዴት ያበላሻል? አገር ቤት የሚመሰገነው ከመሬት ከፍ ያለው መኪና ነበር፤ ወንዝ የሚሻገር፣ ድንጋይ የማይፈራ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ የማይቀር። በእርግጥ አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥም ያረጀ ቶዮታ ዲኤክስና ፎልክስ ገዝተው የሚያስጌጡ ወጣቶች አሉ። ፍቅሩ የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም፤ በጃፓንም በአሜሪካም ያለ ነው።

እኔ የሰፈር ነርስ ነኝ፤ መካኒክ አይደለሁም። ይህን የምጽፈው ነገሩ በሦስት በር ወደ ቤታችን ስለሚገባ ነው። አንዱ በር ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የአባት ወይም የእናት ስም የተጻፈበት ወረቀት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፦ መኪና ሥር የተኛ ልጅ፣ እንዲሁም ከዚያች መኪና መውጣት ያቃታት አያት።

ልጆቹ የሚሉት እውነት አለው

በቅድሚያ ልጁን እንስማው። ዝቅ ያለች መኪና በመታጠፊያ ላይ የምታጋድለው ያነሰ ነው። ከባዱ ነገር ወደ መሬት ሲቀርብ መኪና እንደ ረጅም ሰው አትወዛወዝም፤ የውድድር መኪናዎች ሁሉ መሬት ለመሬት የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ልክ በሆነ መጠን፣ ልክ በሆነ ዕቃ፣ በሚያውቅ እጅ ከተሠራ አንዲት ያረጀች ስፖርት መኪና ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ይልቅ የተሻለ መንገድ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ "ይህ ዕብደት ነው" ብሎ የሚጀምር አባት ክርክሩን በመጀመሪያው ደቂቃ ይሸነፋል። ልጁ ከእሱ የበለጠ ያውቃል፤ ጉዳዩ የሚበላሸው የሚያውቀውን ነገር በግማሽ ዋጋ ልሥራው ሲል ነው።

በአገራችን በእስራኤል ለዚህ የሚመረጡት መኪናዎች የታወቁ ናቸው። በ1990ዎቹ መንገዱን ሞልታ የነበረችው ማዝዳ ላንቲስ፣ የዚያው ዘመን ሆንዳ ሲቪክ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ባለ ሁለት መቀመጫዋ ክፍት ማዝዳ ኤምኤክስ 5። ኤምኤክስ 5 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትውልድ ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነው። አንድ ሚሊዮንኛዋ የተመረተችው በ2016 ነው። ቀላል ስለሆነችና አሠራሯ ግልጽ ስለሆነ በዓለም ሁሉ ያሉ ወጣቶች መካኒክነትን የሚለማመዱባት መኪና ሆናለች። ላንቲስና ሲቪክ ግን በእኛ ሰፈር ይበዛሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ ዕቃቸውም ይገኛል።

ሞላ፣ አሞርቲዛቶርና ጉልበት

ነገርን ከሥሩ ይባላልና መኪናዋን ከሥሯ እንያት። በእያንዳንዱ ጎማ ዘንድ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ሞላ ነው፤ እዚህ "ካፊጽ" የሚሉት የተጠመዘዘ ብረት። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ሁለተኛው አሞርቲዛቶር ነው፤ በዕብራይስጥ "ቦሌም"። እሱ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ሞላው እየዘለለ እንዳይቀጥል ማብረድ ነው። አሞርቲዛቶር የሌላት መኪና ጉድጓድ ስትመታ አንዴ ሳይሆን አምስት ጊዜ ትነጥራለች፤ ጎማዋም በነጠረች ቁጥር ከመንገዱ ይለቃል። ጎማ መንገዱን ከለቀቀ ፍሬን የለም።

ከነዚህ ሌላ ከአሞርቲዛቶሩ ዘንግ ላይ ትንሽ የጎማ ወይም የስፖንጅ ትራስ አለ። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የምትቀበል ናት። ታካሚዎቼን በጉልበት ምሳሌ ሳስረዳቸው ይገባቸዋል፦ ሞላው ጡንቻ ነው፣ አሞርቲዛቶሩ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ነው፣ ያቺ ትራስ ደግሞ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለችው ልምላሜ ናት። የጉልበቱ ልምላሜ ያለቀ ሰው እያንዳንዱን ደረጃ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዝቅ የተደረገች መኪናም እንዲሁ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ ላይ የምትጨመቅበት 8 ሳንቲ ሜትር ቦታ ነበራት እንበል። በ5 ሳንቲ ሜትር ካወረዷት የቀራት 3 ነው። በሰፈራችን ያለውን ጉብታ በ3 ሳንቲ ሜትር ማለፍ አይቻልም፤ ስለዚህ በየጉብታው ትራሷ ላይ ትወድቃለች።

ርካሹ መንገድና ዋጋው

በትንሽ ገንዘብ ከሚሠሩት የመጀመሪያው፣ ከሁሉም የተለመደው፣ ሞላውን በመፍጫ መቁረጥ ነው። ዕቃ አይገዛም፤ አንድ ጓደኛ፣ አንድ መፍጫ፣ አንድ ከሰዓት በቂ ነው። ነገር ግን ሞላ ሲቆረጥ የሚያጥረው ርዝመቱ ብቻ አይደለም። የሚሠሩ 6 ጥምዝ ካሉት ሞላ ላይ አንዱን ብትቆርጡ የቀሩት 5 በ20 ከመቶ ይደነድናሉ፤ ሁለት ብትቆርጡ 50 ከመቶ። የደነደነውን ሞላ የሚያበርደው አሞርቲዛቶር ግን የድሮው ነው፤ ለለስላሳ ሞላ ተሠርቶ፣ እሱም 20 ዓመት አገልግሎ ደክሟል። ልጁ "ስፖርት ሆነች፣ ደረቅ ሆነች" የሚለው ብዙ ጊዜ አሞርቲዛቶሩ ሥራውን መሥራት ስላቃተው የሚሰማው መንቀጥቀጥ ነው።

ሌላም አለ። ሞላው ጫፉ የተሠራው መቀመጫው ላይ እንዲገጥም ሆኖ ነው። በተቆረጠ ጊዜ ያ ጫፍ ይጠፋል፤ ርዝመቱም ስላጠረ መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ወይም ጎማዋ ጉድጓድ ውስጥ ስትንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል። ተመልሶ በትክክል ላይቀመጥ ይችላል። ይህ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በመንገድ ቁጥር 2 ላይ ቢሆን ምን እንደሚመጣ መናገር አያስፈልገኝም።

ከመቁረጥ የሚብሰው ሞላውን በእሳት ማሞቅ ነው። አንዳንዶች በጋዝ እሳት አግለው በመኪናዋ ክብደት እንዲሰጥም ያደርጉታል። ሞላ የሚተጣጠፈው በፋብሪካ በልክ ተሞቆና በልክ ቀዝቅዞ ስለጠነከረ ነው፤ ያንን ጥንካሬ እሳቱ ያጠፋዋል። አንዱ ጎን ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይሰጥማል፤ ብረቱም አንድ ቀን ይሰበራል። ቆራጭ ቢያንስ ምን ያህል እንደቆረጠ ያውቃል፤ አሞቂ ግን ምንም አያውቅም።

በተለይ ላንቲስን የመሰሉ መኪናዎች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። የፊት ጎማቸው የሚያያዘው በአንድ ረጅም ምሰሶና ከታች ባለ አንድ ክንድ ነው። ያ የታችኛው ክንድ በፋብሪካ ልክ ሲሆን ከሰውነቷ ወደ ጎማው ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። መኪናዋ በብዙ ስትወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ያኔ መኪናዋ የምታጋድልበት ማዕከል ከክብደቷ በላቀ ፍጥነት ይወርዳል። ውጤቱ የሚገርም ነው፦ ላለማጋደል ብሎ ያወረዳት ልጅ ይበልጥ የምታጋድል መኪና ይነዳል። ሲቪክና ኤምኤክስ 5 ሁለት ክንድ ስላላቸው ይህ ችግር ይቀልላቸዋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን እነሱም አይተርፉም።

ለኪስ የሚሰማው ደግሞ ጎማ ነው። መኪና ስትወርድ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ያጋድላሉ፣ አቅጣጫቸውም ይዛባል። ከዚያ በኋላ "ኪቩን ፍሮንት" ካልተደረገላት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ በመሣሪያ ካልተስተካከለ፣ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ያልቃል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ከውስጥ ሽቦው ወጥቷል። አባቶች፣ ይህን እናንተም ማየት ትችላላችሁ። መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ መኪናዋ ስትቆም ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት። ከውጩ ይልቅ ልሙጥ ከሆነ መኪናዋ መንዳት የለባትም።

በትንሽ ገንዘብ ግን በልክ

ልጁ ገንዘቡ ትንሽ ከሆነና ፍላጎቱ የማይመለስ ከሆነ፣ በሙያው ያሉ ሰዎች የሚመክሩት ቅደም ተከተል አለ፤ እኔም ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ተቀብዬዋለሁ። ያረጀች መኪና መጀመሪያ የምትፈልገው መውረድ ሳይሆን መታደስ ነው። ክንዶቹን ከሰውነቷ የሚያያይዙት የጎማ ቡሾች በ20 ዓመት ውስጥ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አሞርቲዛቶሮቹ ዘይት ያፈሳሉ። ብዙ ልጅ "መኪናዬ መንገድ አትይዝም፣ ላውርዳት" የሚለው በእውነቱ ቡሽና አሞርቲዛቶር አልቆባት ነው። እነዚህን ቀይሮ፣ ጥሩ ጎማ አድርጎ፣ አቅጣጫውን አስተካክሎ የነዳት ልጅ አንዳንዴ ሁለተኛ መኪና የገዛ ያህል ይደነቃል፤ ማውረዱንም ይረሳዋል።

ካልረሳው፣ ለዚያች መኪና ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ አለ። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያወርዳል። 40 ሚሊ ሜትር ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ በየቀኑ ለምትነዳ መኪና ግን ከበቂ በላይ ነው። ሞላው ከአሞርቲዛቶሩ ጋር መጣጣም አለበት፤ ሁለቱም በጥንድ፣ የፊት ሁለቱ አንድ ላይ፣ የኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ይቀየራሉ። ኤምኤክስ 5 የያዘ ልጅ ካለ ደግሞ ትንሽ ብልሃት አለች፦ የመጀመሪያው ትውልድ መኪና ላይ የሁለተኛውን ትውልድ የሞላ የላይኛ ማያዣ መግጠም ይቻላል፤ ያ ማያዣ ለሞላው ተጨማሪ የመጨመቂያ ቦታ ይሰጠዋል። ከማፍረሻ ቦታ ስለሚገኝ ወጪው ቀላል ነው። ገንዘብ የሌለው ግን ዕውቀት ያለው ሰው የሚሠራው እንዲህ ያለውን ነው።

በሥራው መጨረሻ ጎማው ይስተካከላል፣ የፊት መብራቱም ይስተካከላል። መብራቱን ሁሉም ይረሳዋል። ፊቷ ብቻ የወረደ መኪና መብራቷ እግሯ ሥር ይወድቃል፤ ኋላዋ የወረደ ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ታሳውራለች።

መኪና ሥር መተኛት

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ገንዘብ ነው፣ ይህ ግን ሕይወት ነው።

የመኪና ክሪክ የተሠራው መኪና ለማንሳት ነው፤ አንስቶ ለመያዝ አይደለም። ከግንዱ ውስጥ የሚገኘው ትንሹ ክሪክ በተለይ የተሠራው በመንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው። ልጅ መኪና ሥር ከገባ መኪናዋ በሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ማረፍ አለባት፤ መሬቱም ደልዳላ ሲሚንቶ መሆን አለበት። በበጋ ሙቀት የለሰለሰ አስፋልት፣ የሰፈር አትክልት አፈር፣ የተደራረበ ብሎኬት፣ እነዚህ ሁሉ ይከዳሉ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰነጠቀው።

ሁለተኛው አደጋ ሞላው ራሱ ነው። ምሰሶው ላይ የተገጠመ ሞላ ተጨምቆ ነው ያለው። ለማውለቅ በልዩ ማጨመቂያ ጨምቀው ይዘው፣ የላይኛውን ብሎን ይፈታሉ። ማጨመቂያው ርካሽ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ጎን ከተንሸራተተ፣ ሞላው ተፈናጥሮ ይወጣል። ፊት ላይ፣ እጅ ላይ፣ ደረት ላይ ያርፋል። ማጨመቂያ ሳይኖረው ብሎኑን የሚፈታ ልጅ ካለ በጩኸት አስቁሙት፤ ክብር የለም፣ ይሉኝታ የለም።

አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ 101 ይደወላል፤ ማጌን ዳቪድ አዶም ነው። በአማርኛ ብቻ የምትናገሩ ከሆነ "ሐዴራ፣ ነቬ ሐይም" ብላችሁ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር መጀመሪያ ንገሩ። ሰው በመኪና ሥር ከተጫነ ስንት ደቂቃ እንደሆነው ለአምቡላንሱ መንገር አስፈላጊ ነው። ጡንቻ ለረጅም ጊዜ ተጨፍልቆ ሲለቀቅ የሚመጣ ሌላ አደጋ ስላለ ሐኪሞቹ በዚያ መሠረት ይዘጋጃሉ።

ወረቀቱ በማን ስም ነው?

በእስራኤል ሕግ የመኪናን አሠራር መለወጥ "ሺኑይ ሚብኔ" ይባላል፤ ከሚስራድ ሃታሕቡራ፣ ማለትም ከትራንስፖርት ሚኒስቴር፣ የፈቃድ ክፍል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሞላ ቆርጦ መንዳት ፈቃድ የሌለው ለውጥ ነው። በዓመታዊው ምርመራ፣ አገር ቤት "ቦሎ" በምንለው፣ እዚህ "ቴስት" በሚባለው፣ መርማሪው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሥር ያያል። አንዳንድ ልጆች ለቴስቱ ቀን የድሮውን ሞላ መልሰው ይገጥሙና ማግሥቱን ያወጡታል። ሁለት ጊዜ ሥራ፣ ሁለት ጊዜ ማጨመቂያ፣ ሁለት ጊዜ አደጋ። መንገድ ላይ ያቆመው ፖሊስ ደግሞ የቴስቱን ወረቀት ብቻ አያይም፤ መኪናዋ አደገኛ ናት ብሎ ካመነ ከመንገድ ሊያወርዳት ሥልጣን አለው። ያን ጊዜ ታስተካክሎ እንደገና ካልተመረመረች አትነዳም።

አሁን ወላጆችን በቀጥታ የሚነካው ይመጣል። ብዙ ቤተሰብ የልጁን መኪና በአባት ወይም በእናት ስም ያስመዘግባል፤ የቢቱዋሕ ዋጋ ይቀንሳል ተብሎ፣ ወይም ልጁ ሠራዊት ውስጥ ስለነበረ። ሪሽዮን ሬኼቭ ላይ ስሙ ያለው ሰው የመኪናዋ ባለቤት ነው። በመኪናዋ የተፈጸመ የትራፊክ ጥፋት ቅጣቱ መጀመሪያ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ ሌላ ሰው ይነዳ እንደነበር እሱ ማስረዳት አለበት። በዚያ ላይ ያለ ግዴታ መድን እንድትነዳ የፈቀደ ባለቤት ራሱ በሕግ ይጠየቃል።

የግዴታ መድን፣ "ቢቱዋሕ ሖቫ"፣ የሚሠራው በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሣ ሕግ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ለአካል ጉዳት ይከፍላል፤ ለሾፌሩ፣ ለተሳፋሪው፣ ለእግረኛው። ለተሰበረ መኪና ግን አንድ አጎራ አይከፍልም። ብዙ ሽማግሌዎች "ቢቱዋሕ አለን" ሲሉ ያላቸው ይህ ብቻ ነው። ልጁ የሌላ ሰው ውድ መኪና ከመታ የሚከፍለው ሁለተኛው ዓይነት፣ "ጻድ ጊሜል" ወይም "ማኪፍ" የሚባለው ነው። እነዚህ የሚገዙት በውል ነው፤ ውሉም በ1981 በወጣው የመድን ውል ሕግ ሥር ነው። መድን ገቢው የተጠየቀውን አስፈላጊ ነገር በእውነት መመለስ አለበት፤ አደጋን የሚያበዛ ለውጥ ሲመጣም ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ ኩባንያው ክፍያውን ሊቀንስ፣ ለማታለል የተደረገ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላይከፍል ይችላል። የተቆረጠ ሞላ እንዲህ ያለ ለውጥ ነው። ከአደጋ በኋላ የሚመጣው መርማሪ በአምስት ደቂቃ ያየዋል።

ስለዚህ የመድን ወረቀቱን አውጡና ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ለወጣት ሾፌር ይፈቅዳል ወይ፤ ለአዲስ ሾፌር ይፈቅዳል ወይ። ውሉ "ከ24 ዓመት በላይ" ካለና የሚነዳው የ22 ዓመት ልጅ ከሆነ፣ የመኪናዋ ከፍታ ከመጠየቁ በፊት ነገሩ አልቋል። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ማንበብ የሚችል ዘመድ ወይም የሰፈሩ ማኅበራዊ አገልግሎት ዘንድ ሂዱ። መኪናውን የለወጠው ልጅ እንዲያነብላችሁ ብቻ አትተዉ።

አያትን ማን ያደርሳታል?

ከሠፈራችን ብዙ ሽማግሌዎች ወደ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ወይም ወደ ኩፓት ሖሊም የሚሄዱት በልጅ ወይም በልጅ ልጅ መኪና ነው። የወረደች ስፖርት መኪና ወንበሯ ከጉልበት በታች ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው እናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌያቸው ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ እንዳይቀመጡ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ያዝዛሉ፤ አዲሱ መገጣጠሚያ እንዳይወልቅ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ውስጥ መቀመጥ በትክክል የተከለከለው አቀማመጥ ነው። መውጣቱ ደግሞ ይብሳል።

አጥንታቸው የሳሳባቸው ሴቶችና ወንዶችም አሉ። ትራሷ ላይ የምትወድቅ መኪና ጉብታ ስትመታ ድንገተኛው ንረት በቀጥታ ወደ ጀርባ አጥንት ይሄዳል። የሳሳ አጥንት ላለው ሰው የጀርባ አጥንትን ለመስበር ያ አንድ ምት ሊበቃ ይችላል። ልጁ ይህን በክፋት አያደርገውም፤ እሱ 22 ዓመቱ ነው፣ ጀርባው ምንም አይሰማውም። ከጉዞ በኋላ በድንገት ጀርባዋን የያዛት አያት ካለች "ያልፋል" ብላችሁ አታስተኟት፤ ሐኪም ያያት። ለቀጠሮ ቀን ሌላ መኪና መለመን ወይም ታክሲ መያዝ አያሳፍርም።

ገንዘቡና ሙያው

ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሠራዊት መልቀቂያ ገንዘብ ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። አንዱ "ማዓናክ ሺሕሩር" ነው፤ ከተፈታ በኋላ ወደ ባንክ ሂሳቡ ይገባል፣ የፈለገውን ሊያደርግበት ይችላል። ሁለተኛው "ፒቃዶን" ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ ይወጣል፦ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለጋብቻ፣ ለቤት መግዣ፣ ለንግድ መክፈቻ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት። ለመኪና ሞላ አይወጣም፤ ጥሩም ነው።

አንድ ልጅ ሞላ ስለ ምን እንደሚደነድን፣ ክንዱ ስለ ምን እንደሚገለበጥ ተቀምጦ ካጠና፣ ይህ ልጅ ሥራ ፈት አይደለም፤ ሙያ እየፈለገ ነው። በ2016 የወጣው የመኪና ዘርፍ አገልግሎትና ሙያ ፈቃድ ሕግ እያንዳንዱ ጋራዥ፣ "ሙሳኽ" የምንለው፣ በፈቃድና በሙያ ኃላፊ እንዲሠራ ያስገድዳል። ይህ ማለት ወረቀት ያለው መካኒክ ወረቀት ከሌለው ይለያል ማለት ነው። የመኪና መካኒክነት፣ የመኪና ኤሌክትሪክ፣ አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክና የዲቃላ መኪናዎች ጥገና፣ ሁሉም በኮርስ ይሰጣሉ፤ ፒቃዶኑም ለዚያ ይወጣል። ገና ወደ ሠራዊት ያልገባ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የቴክኖሎጂና ጥገና ጓድ መካኒኮችን ያሠለጥናል፤ ከምደባ በፊት ይጠይቅ። መወዳደር የሚፈልግ ከሆነም በ2005 የወጣው የስፖርት መንዳት ሕግ መንገድ ከፍቷል፤ ለዚያ የሚሆን መኪና ለብቻ ይፈቀዳል፣ የሰፈር መንገድ ግን ሜዳው አይደለም።

መኪናዋ አስቀድማ ከተቆረጠች ደግሞ ማስመለስ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ሞላዎች ለላንቲስም ለሲቪክም ከማፍረሻ ቦታ ይገኛሉ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ከተፈቀደለት ነጋዴ በደረሰኝ ይሁን፤ በ1998 የወጣው ሕግ የተሰረቁ ዕቃዎችን ለመከላከል ንግዱን በመዝገብ አስሮታል፣ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ልጁን ወደ ሌላ ጣጣ ሊያስገባው ይችላል። ሞላዎቹ የዚያችው መኪና፣ የዚያው ሞተር መጠንና የበር ብዛት መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ አራቱም በአንድ ላይ ይገቡ። ከዚያ ፈቃድ ያለው ሙሳኽ ገጥሞ፣ የጎማውን አቅጣጫና መብራቱን አስተካክሎ፣ የሠራውን በዝርዝር የጻፈበት ደረሰኝ ይስጥ። ደረሰኙን ከመድን ወረቀቱ ጋር መኪናዋ ውስጥ ሳይሆን እቤት፣ ሪሽዮኑ በስሙ ያለው ሰው ዘንድ አስቀምጡት።